የንጋቷ ወፍጮ ቤትና የማክሰኞው ቀጠሮ

ንጋቷን ያወቅኋት በበቆሎ ምክንያት ነው። ሚዛን ተፈሪ በገባሁ ሰሞን የተከራየሁት ክፍል ከወፍጮ ቤቷ ጀርባ ነበርና የመጀመሪያውን በቆሎዬን ተሸክሜ ሄድኩ። እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ ዘግና አየች፣ መልሳ በተነችው። "ይሄ እኮ አልተለቀመም። ድንጋዬን ልትሰብሪብኝ ነው የመጣሽው?" ብላ መለሰችኝ። አፍሬ ገባሁ፣ ለቅሜ ተመለስኩ። የጠላችኝ መስሎኝ ነበር። ሰውን ሁሉ እንደዚያ እንደምትቀበል ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ይህን ታሪክ የነገረችኝ እሷው ራሷ ናት፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው በቆመ ቁጥር በሩ ላይ ተቀምጠን። እሷ የዘለለችውን ባሏ ሞልቶልኛል። ልጽፈው ነው ስላት "ጻፊው፣ እኔን ግን እንዳታሳምሪኝ" አለችኝ። እኔም እንደነገሩኝ ጻፍኩት።

ንጋቷ የወፍጮ ሴት ናት። የወፍጮ ሰው ደግሞ ይጮሃል። ሞተር እየጮኸ በቀስታ የሚያወራን ማን ይሰማዋል? ስለዚህ እሷ "እንደምን አደራችሁ" ስትል እንኳ ጠብ የጀመረች ይመስላል። ባሏ ቲቶ ሌላ ፍጥረት ነው። ድንጋዩ ሲደንዝ የሚወቅረው፣ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ሲበጠስ የሚቀጥለው እሱ ነው፤ አፉን ግን የሚከፍተው ለጎደሬና ለማዛጋት ነው ይሉታል። ሰው ሲጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። ነቀነቀ ማለት እሺ ይሁን እምቢ፣ ጠያቂው እንደፈለገ ይወስደዋል።

ከተጋቡ ብዙ ክረምት አልፎ ልጅ አልመጣም። ንጋቷ ሚዛንም ቦንጋም ጅማም ታይታለች። የሄደችው ሁሌ ብቻዋን ነው። ሐኪሞቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ "ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ" ይሏታል። ተመልሳ ስትነግረው ቲቶ ያን ሳምንት የሚወቅረው ድንጋይ አያጣም። ከተማው ግን ችግሩ የማን እንደሆነ ሐኪም ሳይጠይቅ ፈርዷል። ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ አይደለች? እንግዲያው የታመመችውም እሷ ናት።

ከሁሉ በላይ የፈረደችባት የቲቶ ታላቅ እህት እትዬ ሰሎሜ ናት። ቲቶ እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ሰሎሜ ናት ያሳደገችው። የራሷም ልጆች ቤት ሙሉ ናቸው። በየቅዳሜው እህሏን ታስፈጫለች፣ ለንጋቷም መራራ ሥር በወረቀት ጠቅልላ ታመጣለች፣ "አፍልተሽ ጠጪ" ትላለች። ንጋቷ አፍንጫዋን ይዛ ስንት ዓመት ጠጣችው። ሰሎሜ ሥሩን ከሰጠች በኋላ ደግሞ ለተሰለፉት ሴቶች እንዲሰማ አድርጋ "ያላፈራ ቡና ይጎነደላል" ትላለች። ቡና ሲያረጅ ግንዱን ዝቅ አድርገው ይቆርጡትና አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ሰሎሜ ያለችው ስለ ቡና እንዳልሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ንጋቷ ግን ሰሎሜን "እርስዎ" ማለቷን አልተወችም። "ጠላትሽን አንቱ ስትይው ይበልጥ ይቆጣል" ትለኛለች።

ስለ አዲሱ ሐኪም የነገረቻት ኮረሪማ ነጋዴዋ ዘይቱና ናት። በወር አንዴ ከጅማ ይመጣል፣ ወደ አማን ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ያያል፣ መውለድ ያቃታቸውን ብቻ ነው የሚያየው አለቻት። ንጋቷ በማግስቱ ወፍጮውን ዘግታ ሄደች። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ግን ኮስታራ ናት።

"ዶክተሩ ሴቷን ብቻዋን አያይም" አለቻት። "ባልና ሚስት ካልመጣችሁ ተራችሁን ለሌላ እንሰጣለን። የሚቀጥለው ወረፋ ከፋሲካ በኋላ ነው።"

ከዚያ ለማክሰኞ ቀጠረቻትና መዘጋጀት ያለባቸውን ነገረቻት። የድሮ ምርመራ ወረቀት ካለ ይዘሽ ነይ። የወር አበባሽ መቼ እንደመጣ አስታውሺ። የምትጠጪውን ሥር ከዛሬ ጀምሮ ተዪ። እሱም ጫትና አረቄ ይተው። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ግንኙነት አታድርጉ፣ የእሱ ምርመራ ይበላሻል፣ ከተበላሸ ደግሞ ያው ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ነገር ጨመረች፤ "ባልሽ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ያውቃል? አንዳንዴ ወንዱን ይጎዳል። ጠይቀሽ ነይ።"

ንጋቷ ይህን ሁሉ ለቲቶ የነገረችው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፣ ሞተሩ እየሠራ። ምስጢር ለማውራት እንደዚያ ያለ ቦታ የለም። ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ ጮኸችበት። በር ላይ የተሰለፉት ሴቶች ከንፈሯን አዩ እንጂ አንዲት ቃል አልሰሙም።

ቲቶ ከእጁ ላይ ዱቄት አራገፈ። ከዚያ እሱም በተራው ጆሮዋ ሥር ጮኸ።

"እሄዳለሁ። ሰው ካወቀ ግን አልሄድም።"

"የትኛው ሰው?"

"ማንም። በተለይ እትዬ።"

"ጆሮ ደግፍ ይዞህ ያውቃል?"

"እኔ ምኑን አስታውሳለሁ። እትዬን ጠይቂያት።"

ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። መልሱ ያለው ሰሎሜ ጋ ነው፣ ሰሎሜ ደግሞ እንዳትሰማ። ንጋቷ ተናደደች፤ ግን እሄዳለሁ ማለቱን ከአፉ ሳይመልሰው ዝም አለች።

ሌላው ጣጣ አልጋቸው ነበር። ሲጋቡ የተገዛ ነው፣ መሀሉ ረግቧል፣ የተኛበትን ሁሉ ወደ መሀል ያንከባልላል። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ብርዱ ሲገባ፣ በዚያ አልጋ ላይ ተለያይቶ ማደር አይቻልም። "አንተንም አላምንህም፣ ራሴንም አላምንም፣ አልጋውን ደግሞ ጭራሽ" አለችው። ቲቶ ብርድ ልብሱን ይዞ ወፍጮ ቤት ገባና ከረጢት ላይ ተኛ።

እዚያ ላይ ያላሰቡት ነገር መጣ። ወፍጮ ቤት ያደረ ሰው ጠዋት ሲወጣ ፀጉሩም ቅንድቡም ነጭ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማንም ልብ አላለም። በሁለተኛው ቀን ውሃ የምትቀዳ ሴት አየችው። ቅዳሜ ሲደርስ ንጋቷና ቲቶ መኝታ ለዩ የሚለው ወሬ ገበያውን ዞሮ ሰሎሜ ጋ ደርሷል።

ሰሎሜ ገብስ ተሸክማ መጣች፣ ሥሩንም ይዛለች። ወፍጮው እየሠራ ነው። ተጠግታ ጮኸች።

"ወንድሜን ከቤት አስወጣሽው አሉ!"

"ማን አለዎት?"

"ፀጉሩ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ጡረታ የወጣ ሰው መስሎ ብቅ ይላል!"

"ዱቄት ነው፣ ይታጠባል!"

"እስኪ ንገሪኝ፣ እዚያ ባዶ አልጋሽ ላይ ምን አለና ነው የምትሰስቺበት!"

ልክ ይህን ስትል መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቁልቁል አጓራና ዝም አለ። "የምትሰስቺበት" የሚለው ቃል ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ። የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ንጋቷን አዩ፤ ንጋቷ መልስ አጥታ እንደማታውቅ ያውቃሉ።

ንጋቷ መልስ ነበራት። ጥርሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ካወጣች ግን ሌላው ተከትሎ ይመጣል፣ ማክሰኞ የሚለውም ይመጣል። ገብሱን አንስታ ለሰሎሜ አቀበለቻት።

"መብራት ሲመጣ ይመለሱ" አለች።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ንጋቷ ዝም ካለች ወሬው እውነት ነው ማለት ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ጋሽ እንድርያስ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌና የግድግዳ ጎረቤት። ሌላው ጋሽ ባየ የእድሩ ዳኛ ነው፤ አባቱ ከጎጃም መጥተው እዚህ የቀሩ፣ እሱ ግን ሚዛን ተወልዶ ሚዛን ያረጀ። ያመጣቻቸው ሰሎሜ ናት። መኝታ መለየታቸውን ሽማግሌ ከሰማ መፋታቱ ግማሽ መንገድ ሄደ ብላ ነው። ሽማግሌ ምን እንደሚወድ ግን ረስታለች። ሽማግሌ የሚወደው ማስታረቅ ነው።

ንጋቷ የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ አቀረበች። ጋሽ ባየ አንድ ቆርሶ ቀመሰና እጁን ጠረገ።

"እግርና እግር ይጋጫል" አለ። "ባልና ሚስትም ይጣላል፣ ያለ ነው። መኝታ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው።"

"አልተጣላንም ጋሽ ባየ።"

"ካልተጣላችሁ ወፍጮ ቤት ምን ያደርጋል?"

"ድንጋይ እየወቀረ ነው።"

"ሌሊቱን?" አለ ጋሽ እንድርያስ። "እኔ እኮ ጎረቤት ነኝ ልጄ። ድንጋይ ሲወቀር ይሰማኛል። ሰሞኑን የሚሰማኝ ማንኮራፋት ነው።"

ጋሽ ባየ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቲቶ ጥግ ተቀምጦ ከእጅጌው ላይ የደረቀ ሊጥ ይለቅማል።

"እንግዲህ" አለ ጋሽ ባየ፣ "የሆነው ሆኗል፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አንመረምርም። ዛሬ ማታ አንድ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ። እትዬ ሰሎሜ እዚሁ ሳሎን ታድራለች፣ ምስክር ትሆነናለች። ነገ ጠዋት መጥተን ቁርስ አብረን እንበላለን። ተነሱና እሺ በሉን።"

ሰሎሜም ንጋቷም እኩል ደነገጡ። ሰሎሜ የመጣችው ለማለያየት ነበር፤ አሁን አልጋ ጠባቂ ሆነች። ንጋቷ ደግሞ ማክሰኞን አሰበች። ዛሬ ማታ እዚያ የረገበ አልጋ ላይ፣ እንደታረቀ ሰው፣ ውጪ ሰሎሜ ጆሮዋን አቁማ። ከዚያ ከፋሲካ በኋላ።

"አይሆንም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ዛሬ አይሆንም ጋሽ ባየ። ይቅርታ።"

"መቼ ነው የሚሆነው?"

ንጋቷ ወደ ቲቶ አየች። ቲቶ ሊጡን ይለቅማል። ምክንያቱን ብትናገር ሰው አወቀ ማለት ነው፣ ቲቶ አይሄድም። ባትናገር ባሏን ከአልጋ ያባረረች ሴት ናት። የጎደሬውን ሳህን ወደ ጋሽ ባየ ገፋ አደረገች።

ሰሎሜ ያን ጊዜ ክፍት በር አገኘች።

"አያችሁ? እኔ ስናገር ክፉ ነች ትላላችሁ። ልጅ አልሰጠችው፣ ችሎ ኖረ። አሁን አልጋውንም ነሳችው። ሴት ባሏን ከአልጋ የምታወርደው ወይ ሌላ ሲኖራት ነው፣ ወይ ሲሰለቻት ነው።"

"ሰሎሜ፣ ቀስ" አለ ጋሽ እንድርያስ።

"ምን ቀስ አለው ጋሼ። ለቲቶ ሴት አላጣም። እዚህ ሸኮ ወረዳ አንዲት አለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጅ ያላት። ማኅፀኗ የተመሰከረላት። ይቺ ግን ይኸው፣ ስንት ሥር አፈሰስኩባት። ድንጋይ ላይ ውሃ።"

ንጋቷ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች። የወፍጮው ሞተር ቢኖር ኖሮ እጮህ ነበር ትለኛለች፣ ማንም ሳይሰማኝ እጮህ ነበር። ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል፣ ዝናቡም እንኳ ቆሟል።

"ቲቶ" አለ ጋሽ ባየ፣ "አንተስ ምን ትላለህ?"

"እሱ ምን ይላል" አለች ሰሎሜ። "እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው።"

ቲቶ ቀና አለ።

"እሺ አላልኩም" አለ።

"ምን?"

"እሺ አላልኩም እትዬ። ሁሌ እሺ ነው ትያለሽ።" እጅጌውን ለቀቀው። "ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። ከጅማ የሚመጣው ሐኪም ጋ። እኔም እመረመራለሁ። እስከዚያ ለየብቻ ተኙ ተብለን ነው።"

ጋሽ ባየ የያዘውን ጎደሬ ሳህኑ ላይ መለሰ። ጋሽ እንድርያስ ወለሉን አየ።

"አንተ ምን ሆነህ ነው የምትመረመረው?" አለች ሰሎሜ።

"አላውቅም። ለማወቅ ነው።"

"በእኛ ዘር መካን የለም። እኔን አታይም?"

"አንቺ ወለድሽ እንጂ እኔ አልወለድኩም።"

ንጋቷ ያን ጊዜ አንደበቷ ተፈታ። ነገሩ ከወጣ ወጥቷል። ወደ ሰሎሜ ዞረች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነርሷ ጠይቂ ብላኛለች፣ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ቲቶ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር?"

ሰሎሜ ነጠላዋን ሰበሰበች። ፊቷ ተለወጠ።

"አሁን ደግሞ አሳዳጊዋን ልትከሺ ነው? በእኔ እጅ ነው የተበላሸው ልትይ?"

"መልሱን ነው የፈለግኩት።"

"መልስ የለኝም" አለችና ወጣች። በሩን ስትዘጋው የግድግዳው ጭቃ ረገፈ።

ጋሽ ባየ ጥቂት ተቀምጦ አሰበ። የተፈረደ ነገር መሻር አይወድም። "እስከ ማክሰኞ ነው ያላችሁት?" አለ።

"እስከ ማክሰኞ" አለ ቲቶ።

"እንግዲያው ፍርዱ ለማክሰኞ ማታ ይሁን። እስከዚያ ወፍጮ ቤት ይተኛ።" ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቲቶ ዞረ። "ከረጢቱን ግን ደርብበት፣ ሲሚንቶው ወገብ ይይዛል።"

እነሱ ከሄዱ በኋላ ቲቶ ምስጋና ጠብቆ ነበር መሰለኝ። ንጋቷ ሳህኖቹን አነሳች።

"ተናገርኩ እኮ" አለ።

"ተናገርክ። ከዛሬው እሑድ በፊት ግን ስንት እሑድ ነበረ?"

ቲቶ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። ሁለት ቀን አላናገረችውም። ሥራ ላይ ብቻ "ቺንጋውን" "ከረጢቱን" እያለች ትጮህበት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ንጋቷ የድሮ ወረቀቶቿንና ጅማ የተነሳችውን ራጅ ፌስታል ውስጥ ከተተች። የወር አበባዋን ቀን በቃሏ ይዛለች፤ የሞተሩ ፊውዝ የተቃጠለ ዕለት ነበር። ቲቶ ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ጆሮው ውስጥ ያለው ዱቄት ግን አልወጣ አለ፤ በነጠላዋ ጫፍ አሽታ አወጣችለት፣ ቆዳው እስኪቀላ። ባጃጅ ጠርታ ሊገቡ ሲሉ ሰሎሜ በጭቃው መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ይዛለች፣ ሰላምም አላለች። ለቲቶ ጀርባዋን ሰጥታ ንጋቷ ፊት ቆመች።

"ይዞት ነበር" አለች።

"ምን?"

"ጆሮ ደግፍ። ጢም ሳያወጣ። መጀመሪያ ጉንጩ አበጠ፣ ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ መራመድ አቅቶት ሰነበተ። ሐኪም ቤት አልወሰድኩትም። ቅጠል ነው ያሰርኩለት፣ የማውቀው እሱን ነው።" የቀሚሷን ጫፍ ከጭቃው ከፍ አደረገች። "ለሐኪሙ ንገሪው። ለሌላ ሰው ስትናገሪ ብሰማ ግን ወፍጮሽን ነው የማቃጥለው።"

"ወፍጮዬን ካቃጠሉ ገብስዎን የት ያስፈጫሉ?" አለች ንጋቷ።

ሰሎሜ እንደመጣችው በጭቃው ተመለሰች። ንጋቷ እስክትርቅ አየቻት። ሰሎሜ ያን ሁሉ ዓመት ለምን እንደጠላቻት ያን ጠዋት እንደገባት ነገረችኝ። "ገባኝ እንጂ አልወደድኳትም" አለችኝ ደግሞ።

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ቲቶ ጫፍ ላይ በአንድ ቂጡ ተቀመጠ። ወፍጮ ቤት የምታውቃቸው አንዲት የአማን ሴት እዚያ ነበረች።

"ቲቶ፣ ሚስትህን ልታደርስ ነው?" አለችው።

ንጋቷ ፌስታሉን ጨበጠች። አሁን ራሱን ይነቀንቅና ይወጣል ብላ ፈራች። በር ቅርብ ነው፣ ባጃጁም ገና አልዞረም።

"አይ" አለ ቲቶ፣ "እኔም ልታይ ነው።"

ሞተር እየሠራ ይመስል ጮክ ብሎ ነው ያለው። አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየው፣ ነርሷም በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

"አትጩህ" አለችው ንጋቷ፣ "ወፍጮ ቤት አይደለም።" ከእሑድ ወዲህ ከሥራ ውጪ ያናገረችው ይህችን ብቻ ነው። ከዚያ ስማቸው ተጠራና ሁለቱም ተነስተው ገቡ።

ሐኪሙ ያላቸውን እኔ አልጽፍም። ነግረውኛል፣ ግን የእነሱ ነው። ጋሽ ባየ የፈረደው የማክሰኞ ማታ ፍርድ መፈጸሙን ብቻ ጋሽ እንድርያስ ለእድሩ ነግሯል፣ ማንኮራፋቱ ከመኝታ ቤቱ በኩል መጣ ብሎ።

ይህን ያነበባችሁ ሰዎች፣ ሚዛን ከመጣችሁ እባካችሁ ንጋቷና ቲቶ ጋ ሂዱ። ከገበያው ወደ ላይ ስትወጡ ሞተሩ ራሱ ይጠራችኋል። ትንሽም ቢሆን እህል ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ እጁን ቆሞ የሚያይ ሰው አትወድም። ደህና አድርጋችሁ ልቀሙት። ትጮህባችኋለች፣ አትደንግጡ። ቲቶን ሰላም በሉት፣ አሁን ይመልሳል። ልጅ አላችሁ ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቋቸው፤ ስለ ድንጋዩ ጠይቁ፣ አዲስ ተወቅሯል።